የላይ ማሳ ፈሰስ፣ የታች ማሳ ቦረቦር

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በዚያው ክረምት በነሐሴ የኦሞ ወንዝ ከዳሩ ገንፍሎ ከ300 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ በጣና ዙሪያም፣ በተለይ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ስለ ጎርፍ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደዚያ ክረምት ነው። ጎጃም በዚያ ትዝታ ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ የጎጃም ጎርፍ በአንድ ሌሊት መጥቶ በአንድ ሌሊት የሚያልፍ አይደለምና። በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም በየማሳው ይመላለሳል፤ የሚወስደውም በአብዛኛው አፈር ስለሆነ አስከሬን በመቁጠር ጉዳትን ለሚለካ ሰው አይታየውም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃምም ምዕራብ ጎጃምም እያንዳንዳቸው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው፤ አብዛኛው የሚኖረው በእርሻ ነው። ስለዚህ አፈር ሄደ ማለት ለዚህ ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጎርፉም ከየት እንደሚጀምር ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ከመሬቱ አቀማመጥ እንነሣ። ጎጃምን በሦስት ማዕዘን የከበበው አባይ ነው፤ ከመካከሉ ደግሞ የጮቄ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከጮቄ ጫፍ እስከ ደጀን በታች እስካለው የአባይ ድልድይ ድረስ ቁልቁለቱ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ሙጋ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ብርና ሌሎቹ ወንዞች በዚህ ቁልቁለት እየተንደረደሩ ወደ አባይ ሸለቆ ይገባሉ፤ ከሰከላ ተራሮች የሚነሣው ግልገል አባይ ግን ወደ ሰሜን ዞሮ ጣና ይገባል። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ወደ ዳንግላና እንጅባራ ሲኬድ መጠኑ ይጨምራል፤ ከዚህ ሁሉ የሚበዛው የሚወርደው በአራቱ የክረምት ወራት ብቻ ነው። ዝናብ የበዛበት አገር በድርቅ ከሚታወቅ አገር ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ብዙ ውሃ፣ አጭር ጊዜና ረጅም ቁልቁለት አንድ ላይ ሲገናኙ ሌላ ዓይነት ችግር ይወለዳል።

የዝናብ መጠን በሚሊ ሜትር ሲነገር ብዙ ጊዜ ትንሽ ይመስላልና ሒሳቡን በእጅ እንሥራው። በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ እንበል፤ በጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ዝናብ በአንድ ቃዳ ማሳ ላይ፣ ማለትም በሄክታር ሩብ ላይ፣ የሚያወርደው ውሃ 75,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሞላበት 3,750 ጀሪካን ይወጣዋል። ቤተሰቡ ከምንጭ በአንድ ዓመት ከሚቀዳው የማያንስ ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጠባብ ማሳ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አፈሩ የሚጠጣው ይሰርጋል፤ የቀረው ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። የጎርፍ ጉዳይ በሙሉ ያለው ስንቱ ሰረገ፣ ስንቱ ተሻገረ በሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ጎርፍ የሚነሣው ዝናቡ ከአፈሩ የመጠጣት ፍጥነት ሲበልጥ ነው፤ ስለዚህ ጎርፍ የሚወለደው ከላይ፣ ከተራራው ወገብና ከቁልቁለቱ ማሳ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደብረ መዊ አነስተኛ ተፋሰስ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ከፍታና የጅረት ፍሰት ሲለኩ ያገኙት ግን ከዚህ የተለየ ነው። የላይኛው ተዳፋት በአብዛኛው የወረደለትን ዝናብ የመጠጣት አቅም አለው። የጠጣውን ግን ለዘለቄታ አይዘውም፤ ውሃው ከአፈሩ ሥር ለሥር እየሾለከ ወደ ግርጌው ይወርዳል። የግርጌው መሬት ከራሱ ዝናብ በላይ የላይኛውንም እየተቀበለ ሐምሌ አጋማሽ ላይ እስከ አፉ ይሞላል። ገበሬው በአንድ ቃል «መሬቱ ጠግቧል» የሚለው ይህንን ነው፤ ከሳይንሱ ቃል ይልቅ የእርሱ ቃል የሚያስረዳ ይመስለኛል። የጠገበ መሬት ከዚያ በኋላ የሚወርድበትን ዝናብ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ይመልሰዋል። በሰኔ መግቢያ ከባድ ዝናብ ወርዶ ጅረቱ ብዙም ሳይሞላ፣ በነሐሴ ግን መጠነኛ ዝናብ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

የውሃው ነገር እንዲህ ሲሆን የጭቃው ነገር ተቃራኒ ነው። ውሃው የሚበዛው በነሐሴ ሲሆን፣ በአንድ ባልዲ ውስጥ ያለው የአፈር መጠን የሚከብደው በክረምቱ መግቢያ ነው። ምክንያቱ ጤፍ ነው ብል ለጎጃም ገበሬ ደፋር ንግግር ይሆንብኝ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ የለሰለሰ መደብ ይፈልጋል፤ ማሳው አራትና አምስት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይታረሳል፤ በብዙ ቦታ በከብት ይረገጣል፤ የሚዘራውም በሐምሌ ነው። እንግዲህ ሰማዩ በተከፈተበት ሰዓት ማሳው ደቆ፣ ለስልሶ፣ ምንም ሣር ሳይለብስ ይጠብቀዋል። ሰኔና ሰኞ እንዲሉ፣ የዝናቡ ጉልበትና የማሳው እርቃንነት በአንድ ሳምንት ይገጥማሉ። ቡቃያው አድጎ መሬቱን ሲሸፍነው ዝናቡ ባይቀንስም ጭቃው እየቀጠነ ይሄዳል፤ በመስከረም ወንዙ ጠርቶ ሲታይ አፈሩ ዳነ ማለት አይደለም፤ የሚሄደው ቀድሞ ሄዷል።

የሚሄደውንም በኩንታል እንመዝነው። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ጎርፍ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር አጥቦ ቢወስድ፣ አሥር ወረቀት ቢደራረብ የሚያህል ስስ ሽፋን ስለሆነ ባለማሳው በዓይኑ ለይቶ አያየውም። ክብደቱ ግን 12 ቶን ገደማ፣ ማለትም 120 ኩንታል ነው። ከዚያው ሄክታር የሚገኘው ጤፍ በደህና ዓመት ከ20 ኩንታል ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ የሚታጠበው ደግሞ ላይኛው፣ ፍግና የተበሰበሰ ገለባ የያዘው፣ በብድር የተገዛውም ማዳበሪያ የተበተነበት ክፍል ነው። ማዳበሪያው በጎርፍ ሄደ፤ ዕዳው ግን ከባለዕዳው ጋር ቀረ።

አሁን ወደ ፈሰስ እንምጣ፤ የጎጃም ጎርፍ ሰውን ከሰው የሚያነካካው በዚህ ነው። ፈሰስ ገበሬው ዘር ሲዘራ በማረሻው በማሳው ላይ አግድም ዘንበል አድርጎ የሚያወጣው የውሃ መንገድ ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ዘሩን እንዳያጥበው፣ በዋልካ መሬት ላይም ተኝቶ ቡቃያውን እንዳያበሰብሰው ተቀብሎ ወደ ዳር ያወጣዋል። የግብርና ባለሙያዎች ፈሰስ አፈር ይሸረሽራል እያሉ ሲቃወሙት ኖረዋል፤ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ ቁልቁለቱ የበዛ ፈሰስ ራሱ በሁለት ሦስት ክረምት ወደ ቦይ፣ ቦዩም ወደ ቦረቦር ይለወጣል። ነገር ግን ገበሬውም ያለ ምክንያት አያወጣውም። ፈሰሱን ቢተወው የሚከስረው በዚሁ ዓመት ነው፤ ፈሰሱ መሬቱን የሚጎዳው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጎተራው ከመጪው መኸር ለማያልፍ ቤተሰብ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የፈሰሱ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ነው። የላይኛው ማሳ ባለቤት ውሃውን በወሰኑ ላይ ሲለቀው የታችኛው ይቀበለዋል፤ እርሱም የራሱን ጨምሮ ለቀጣዩ ይለቃል። በየማሳው የተበተነው ስስ ውሃ በዚህ መንገድ እየተሰበሰበ አራተኛውና አምስተኛው ማሳ ላይ ሲደርስ ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ሆኗል። ከላይ ያሉት አንዳቸውም ጎርፍ አልለቀቁም፤ እያንዳንዳቸው የለቀቁት ትንሽ ውሃ ነው። ታች ያለው ሰው ግን የተቀበለው ጎርፍ ነው። የኩታ ገጠም ባለማሳዎች ጠብ፣ ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው «ፈሰሱን ወደ እኔ አዞረብኝ» የሚለው ክስ፣ ከዚህ ይመነጫል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ማሳዎች ይበልጥ ሲሸነሸኑ ወሰኑ በዛ፤ ወሰን ሲበዛ የፈሰስ አፍም ይበዛል ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው በግርጌው፣ ቀድሞ በጠገበው መሬት ላይ ነው። የግርጌ መሬት በጎጃም መንደሮች ብዙውን ጊዜ የወል ግጦሽ ነው፤ አፈሩም በብዛት ጥቁር ሆኖ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ነው። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይቦረቡራል። አንድ ቀን ሣሩ ይደረመሳል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦረቦር አለ ማለት ነው። የቦረቦር አስቸጋሪነቱ ከታች ወደ ላይ መሄዱ ነው፤ ውሃው ቁልቁል ሲወርድ የቦረቦሩ ራስ ግን ሽቅብ እየበላ ይወጣል። ግድግዳው ደግሞ የሚናደው ጎርፉ ስለመታው ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ የረጠበው አፈር በራሱ ክብደት ወደ ባዶው ይወድቃል፤ የሚቀጥለው ጎርፍ የወደቀውን ጠርጎ ይሄዳል፤ ግድግዳው እንደገና ይወድቃል። በደብረ መዊ የተለካው እንደሚያሳየው ከእንዲህ ዓይነት የግርጌ ቦረቦሮች የሚወጣው አፈር ከላይኛው ማሳ ከሚታጠበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ግኝት ቀላል አይደለም፤ ለአሥርት ዓመታት የሕዝብ ጉልበት ሲፈስ የኖረው በአብዛኛው በላይኛው ተዳፋት ላይ እርከን በመሥራት ነበርና።

ቦረቦር የገባበት መንደር ኑሮው ይለወጣል። ግጦሹ ሲጠብ ከብት ይቀነሳል፤ ከብት ሲቀነስ የእርሻ በሬና ለማገዶ የሚሆን ኩበት ይቀንሳል። ቦረቦሩ እንደ ቦይ ሆኖ በዙሪያው ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚያወጣው ቅርብ የነበረው ምንጭ በበጋ ቶሎ ይደርቃል፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች መንገዳቸው ይረዝማል። ጥጃ ገብቶ ይሰበራል፤ ልጅም ይገባል። ድንበር የነበረው ግራር ወድቆ ሲሄድ ወሰን ይጠፋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ተሰጥቷል፤ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ስፋት በዚያ ጊዜ የነበረው ነው። ቦረቦሩ በየክረምቱ አንድ አንድ ክንድ እየወሰደ የማሳውን ሲሶ ቢበላው ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አይቀንስም። ማሳውም በጎርፍ ተጎዳ ተብሎ በአንድ ቀን ሪፖርት የሚደረግበት ቀን የለውም፤ እርዳታ የሚጠየቀው ደግሞ ቀን ላለው አደጋ ነው።

ሰው አይሞትም ማለቴ አይደለም፤ የሚሞተው አንድ በአንድ ነው። ከገበያ ሲመለስ የሞላ ወንዝ የወሰደው ገበሬ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሻገሪያው ላይ የተንሸራተተች ተማሪ፣ ምጥ ይዟት ማዶ ያለውን ጤና ጣቢያ እያየች ሙላቱ እስኪጎድል የምትጠብቅ እናት፣ እነዚህ በየመንደሩ ለቅሶ ይታወቃሉ እንጂ በአንድ መዝገብ አይደመሩም። የወንዝ ሙላት ጎጃምን ከጎረቤቱ ሲለይ የኖረ መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምስክር በሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በድንጋይ ተሠርቶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ፣ ሰዎች በገመድ እየተሳቡ ሲሻገሩበት ኖረዋል። በ1994 ዓ.ም. ተጠግኖ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባይ ሙላት ጥገናውን መልሶ ወሰደውና ከዚያ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የተሰበረውን የጠገኑ እጆች የወንዙን ከፍታ አሳንሰው ገምተው ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ላይኛው አገር እየተራቆተ ሲሄድ ሙላቱም እንደ ጥንቱ አይጠብቅም።

መራቆቱ መቼ ጀመረ ቢባል አንድ ዓመት መጥቀስ አይቻልም። በሬና ማረሻ በዚህ ደጋ የቆዩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው። ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውሱን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደኖች ናቸው፤ በእርሻ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ቀርተዋል። ሕዝቡ ሲበዛ እርሻው ወደ ላይ ወጣ፤ በጮቄ ዛሬ አስታና ጅብራ የተባሉት የውርጭ አገር ዕፅዋት በነበሩበት ከፍታ ገብስና ድንች ይዘራል። መንግሥት አፈር ጥበቃን በሰፊው የያዘው ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በእህል ለሥራ፣ ማለትም ለጉልበቱ እህል በመክፈል፣ ነበር። እርከኑ ብዙ ጊዜ የገበሬው ፈቃድ ሳይጠየቅ ስለተሠራ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ፈርሷል፤ የወል ደኑም ተቆርጧል። የሰው መሬት ላይ ገመድ ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን በጎጃም መታመን እንደሚቸግረው ለማወቅ ደግሞ ብዙ ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መለካት ጉዳይ ጎጃሜን ነፍጥ አስነሥቶታል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው የተካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ከዚያ የተሻለ ተሳትፎ ቢኖረውም፣ በኪሎ ሜትር ብዛት ስለሚለካ የት ቦታ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

እርከን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በደምበጫ አካባቢ የምትገኘው አንጀኒ፣ ስፋቷ ከ113 ሄክታር የማይበልጥ ተፋሰስ፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊስ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ዝናቧና ደለሏ ሲለካ የኖረች ናት። አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይኛው በኩል እየተወረወረ የሚሠራው «ፋንያ ጁ» እርከን በዚያ ከዓመታት በኋላ ቁልቁለቱን ወደ መደብ መደብነት ለውጦታል። ሥራው ግን ጥገና ይፈልጋል፤ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ መጨረሻው በሣር ባልተያዘ ቦታ ላይ ከተለቀቀ ቦዩ ራሱ አዲስ ቦረቦር ይወልዳል። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ያለ ዘመቻ በራሳቸው ፈቃድ ማሳቸውን በዲከረንስ ዛፍ ሸፍነው ከሰል ያከስላሉ፤ ዓላማቸው ገንዘብ ነው፤ መሬቱ ግን በዚያው ለብሷል።

ከጎጃም የወጣው አፈር የትም አይጠፋም። ግልገል አባይ የሚያመጣው ደለል በጣና አፍ ላይ እየተከመረ ወደ ሐይቁ የሚገባ አዲስ መሬት ሠርቷል። በሱዳን የሚገኘው የሮሴሪስ ግድብ በ1958 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ከጀመረ በኋላ በአሥርት ዓመታት ውስጥ የማጠራቀሚያውን ሲሶ ያህል በደለል አጥቶ በ2005 ዓ.ም. ከፍታው እንዲጨመር ተደርጓል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ስለሆነ ከእንግዲህ ከላይ የሚመጣው ደለል ቀዳሚ ማረፊያው እርሱ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ኖሯል፤ አሁን ማደሪያ አግኝቷል። ግንዱ ግን ያው የላይኛው አገር ግንድ ነው።

በመንደር ደረጃ ሊሠራ የሚችለው ከሁሉ በፊት ጊዜን መሻማት ነው። ጥልቀቱ ከጉልበት ያልበለጠ ቦረቦር በጥርና በየካቲት፣ መሬቱ በደረቀ ጊዜ፣ አንድ ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ የቦረቦሩን ራስ ደልድሎ፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ክትር ሠርቶ፣ ሣር ተክሎ ከከብት ቢከልለው ሊያስቆመው ይችላል። ከሰው ቁመት ካለፈ በኋላ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን)፣ መሐንዲስና በጀት ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ እንኳ ግድግዳው በረጠበ ቁጥር መናዱ አይቀርም።

ሁለተኛው ከድንጋዩ ይከብዳል። የየማሳው ፈሰስ ሁሉ የሚገባበት፣ ሰፋ ብሎ ሣር የለበሰ አንድ የጋራ የውሃ መንገድ ያስፈልጋል። ይህ መንገድ መሬት ይፈልጋል፤ መሬቱም የአንድ ሰው ወይም የሁለት ሰዎች ነው፤ ጥቅሙ ግን ከላይም ከታችም ላሉት ለሁሉም ነው። መሬቱን የሚሰጠው ሰው በምትኩ ከማን ምን ያገኛል? የሣሩን አጨዳ ለእርሱ ብቻ የተውለት መንደሮች አሉ፤ ነገሩ ተረስቶ ከብት የተለቀቀበትና መንገዱ ራሱ ቦረቦር የሆነበትም አለ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት የአንድ ተዳፋት ባለማሳዎች ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ቁልቁለቱን በእግር ወርደው፣ ውሃው በየት ይለፍ ብለው ሲከራከሩ፣ ክርክሩ የሚቆመው ሁልጊዜ አንዱ ሰው ማሳ ላይ ሲደርሱ ነው።